ዕዳ ከሜዳ፦ በአሜሪካ ለሚገኙ ዕድሮች፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና የኮሚኒቲ ማኅበራት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የዕድር ዳኞችና ጸሐፊዎች፣ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ የመስጊድ ኮሚቴዎች፣ የኮሚኒቲ ማኅበራት ኃላፊዎች፤

ባለፈው ጥር ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ለቅሶ ቤት ደርሼ ነበር። ሟቹ ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ሠልስቱ አልፎ ሰዉ ሳሳ ሲል ባለቤታቸው ወደ ማድ ቤት ጠሩኝና ሁለት ፖስታ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡ። አንደኛው ዕድሩ የሰጣቸው ቼክ ያለበት ነው። ሁለተኛው መስኮት ያለው ነጭ ፖስታ ነው፤ በውስጡ ከአንድ ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት በሟቹ ስም የተጻፈ ደብዳቤ አለ። ከታች በነጠብጣብ መስመር የሚቆረጥ ወረቀት ተያይዞበታል፤ ከላይ በደማቅ ቀለም 6,340 ዶላር ይላል። «ከዚህኛው ላይ አንስቼ ይኼን ልዝጋለት፤ ነፍሱ በሰው ዕዳ አትያዝ» አሉኝ።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍላችሁ ያደረገኝ ያ ጠረጴዛ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሒሳብና የታክስ ሥራ ስሠራ 14 ዓመት ሆኖኛል። ታክስ ለማሠራት የሚመጣ ሰው ከደመወዝ ወረቀቱ ጋር የዓመቱን ደብዳቤ ሁሉ በፌስታል ጠቅልሎ ነው የሚያመጣልኝ። ከነዚያ መካከል ጭራሽ ያልተከፈቱ አሉ፤ ስከፍታቸው አብዛኞቹ የኮሌክሽን ደብዳቤዎች ሆነው ይገኛሉ። የፈራ ሰው ፖስታውን አይከፍትም። የከፈተው ደግሞ ሳይጠይቅ ይከፍላል። ዕዳ የሚያሳፍረን ሕዝብ ነን፤ ይህ የሚያኮራ ጠባያችን ነው፣ እኔም ያደግሁበት ነው። ነገር ግን ያልተበደርነውንም ጭምር እያስከፈለን ነው።

እኔንም አስከፍሎኛል። በ2022 የጸደይ ወራት (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ቤት ልገዛ የሞርጌጅ ማመልከቻ አስገብቼ ሳለሁ 1,916 ዶላር የሚል የኮሌክሽን ደብዳቤ ደረሰኝ። ዕዳው ኮሎራዶ ውስጥ ኦሮራ በምትባል ከተማ ካለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የመጣ ነው ይላል። እኔ ኮሎራዶን ረግጫት አላውቅም። ስሙ ግን የእኔ ነው፤ የአባቴም ስም ትክክል ተጽፏል። ለስንቱ ሰው ደብዳቤ ፈትቼ ያነበብሁ ሴት የራሴ ሲመጣ እጄ ተንቀጠቀጠ። ደወልሁ። ስልኩን ያነሳው ሰው ትሑት ነበር፤ ዛሬ ከጀመርሁ ቅናሽ እንደሚያደርግልኝ፣ ካልሆነ ግን ነገሩ ክሬዲቴ ላይ እንደሚያርፍ ረጋ ብሎ ነገረኝ። የቤቱ ውል ሊፈረም ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። 250 ዶላር በባንክ ካርዴ በስልክ ከፈልሁ።

በማግሥቱ የብድር ባለሙያዋ ደውላ «ኮሎራዶ የኖርሽው መቼ ነው?» ስትለኝ ነው ነገሩ የገባኝ። ከሦስቱ የክሬዲት ሪፖርቶቼ (የብድርና የአከፋፈል ታሪኬ ከተመዘገበባቸው ሰነዶች) በአንደኛው ላይ የኦሮራ አድራሻ፣ የማላውቀው አሠሪና የአንድ የቤት ዕቃ መደብር ሒሳብ ተቀላቅሎብኛል። እዚያ የምትኖር ሞክሼ አለችኝ ማለት ነው። እስከ ዛሬ አላውቃትም፤ ዕዳዋን ግን ጥቂት ከፍዬላታለሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት ደብዳቤ ጻፍሁ፤ አንዱን ለክሬዲት ድርጅቱ፣ አንዱን ለሰብሳቢው። የእርሷ የሆነው ሁሉ ከሪፖርቴ በአራት ሳምንት ውስጥ ወጣ። ሰብሳቢው መልስ አልሰጠም፣ ዳግመኛም አልጠየቀኝም። 250 ዶላሬ አልተመለሰም፤ የቤቱ ፊርማም አንድ ወር ዘገየ።

አስቀድሜ ማድረግ የነበረብኝ ነገር ከአንድ የፖስታ ቴምብር ብዙም አይበልጥም ነበር። የፌዴራሉ የዕዳ አሰባሰብ ሕግ በ1977 የወጣ ነው። በዚህ ሕግ መሠረት የሌላን አበዳሪ ዕዳ የሚሰበስብ ድርጅት ሰውን መጀመሪያ ባነጋገረ ጊዜ፣ ቢዘገይ ደግሞ በ5 ቀን ውስጥ፣ ዕዳው የማን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነና የመቃወም መብት እንዳለ በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ከኖቬምበር 30 ቀን 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ዝርዝር ደንብ ደግሞ ማስታወቂያው ምን መያዝ እንዳለበት በግልጽ ወስኗል። ከአንድ ከተወሰነ ቀን ወዲህ የተጨመረው ወለድ፣ የተጨመረው ክፍያ፣ የተከፈለውና የተቀነሰው ለየብቻው ይቀመጣል። የመቃወሚያው ጊዜ የሚያበቃበት ቀንም እዚያው ላይ ይታተማል። ጊዜው ማስታወቂያው ከደረሰ በኋላ 30 ቀን ነው።

እዚህ ላይ ስለዚያች በነጠብጣብ መስመር ስለምትቆረጠው ወረቀት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሁሉም ሰው የመክፈያ ወረቀት ትመስለዋለች፤ ቼክ አያይዞ የሚልክባት። የሟቹም ባለቤት እንዲያ መስሏቸው ነበር። አብረን አንብበን ስንደርስባት የክፍያው ሣጥን ከሣጥኖቹ አንዱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሌሎቹ ሣጥኖች «ይህ የእኔ ዕዳ አይደለም»፣ «መጠኑ ትክክል አይደለም»፣ «የመጀመሪያውን አበዳሪ ስምና አድራሻ ላኩልኝ» የሚሉ ናቸው። የመቃወሚያው ቅጽ ራሱ በእጃችን ነበር፤ እንግሊዝኛው በደቃቅ ፊደል ስለተጻፈ ሳናየው ቀረን።

በአገራችን ሁለት ሰው ሲጣላ አንዱ «በሕግ አምላክ» ካለ ሌላው ያነሳውን እጅ ያወርዳል። የ30 ቀኑ መቃወሚያ እዚህ አገር ያለው ኃይል እንዲያ ያለ ነው። በጽሑፍ ከተላከ ሰብሳቢው ማረጋገጫውን እስኪልክ ድረስ ማስከፈሉን ማቆም ግዴታው ነው። በስልክ የተነገረ ተቃውሞ ይህን ኃይል የለውም፤ ከ30 ቀን በኋላ የተጻፈም እንዲሁ። ስለዚህ ይጻፍ፣ ቅጂው ይቀመጥ፣ በፖስታ ቤት በሰርቲፋይድ ሜል ከነመድረሻ ማረጋገጫው ይላክ። በደብዳቤው ላይ ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ ዕዳውን እቃወማለሁ፣ የመጀመሪያው አበዳሪ ማን ነው፣ ሒሳቡ እንዴት እዚህ ደረሰ፣ ዕዳው የእኔ ለመሆኑ ያላችሁን ማስረጃ ላኩ። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ፣ «ቀስ ብዬ እከፍላለሁ» የሚል ቃል አይግባበት።

ሕጉን ከሚገባው በላይ ላሞካሽላችሁ ግን አልፈልግም። ሰብሳቢው የሚልከው ማረጋገጫ ብዙ ጊዜ ቀጭን ነው። ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን የሚያጠቃልለው የ4ኛው ሰርኪዩት ፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1999 እንደወሰነው ሰብሳቢው የሚጠይቀው መጠን አበዳሪው ጠየቀ ከሚለው ጋር አንድ መሆኑን በጽሑፍ ካረጋገጠ ይበቃዋል። በእኔ እምነት ይህ ለሕዝብ የሚበጅ ውሳኔ አልነበረም። ያም ሆኖ ጥያቄው ትልቅ ወንፊት ነው። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2013 ባወጣው ጥናት ዕዳ ገዢ ድርጅቶች ለአንድ ዶላር ዕዳ በአማካይ የሚከፍሉት 4 ሳንቲም ያህል እንደሆነ አሳይቷል፤ ከዕዳው ጋር የሚረከቡት ሰነድም አብዛኛውን ጊዜ የስምና የቁጥር ሰንጠረዥ ነው። በ4 ሳንቲም የተገዛ ዕዳ ማስረጃ ሲጠየቅ ዝም ሊል ይችላል፤ የእኔው ሰብሳቢ ዝም እንዳለው።

አሁን ወደ ስማችን ልምጣ፤ ይህ የእኛ ብቻ የሆነ ቁስል ነውና ሰፋ አድርጌ ብጽፈው አትቀየሙኝ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ስማችን የራሳችን፣ የአባታችንና የአያታችን ስም ነው። ቅጹ ግን የመጀመሪያና የመጨረሻ ስም ይጠይቃል፤ አንዱ ቢሮ የአባትን፣ ሌላው የአያትን የመጨረሻ አድርጎ ይመዘግባል። ባልና ሚስት በመጨረሻ ስም አይገናኙም። ልጅና አባት እንኳን ላይገናኙ ይችላሉ። ጸጋዬ፣ ፀሐይ፣ ጽጌ የሚሉትን ስሞች በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጽፋቸው እያንዳንዱ ጸሐፊ በየራሱ መንገድ ነው። የእኔ ስም በሪፖርቴ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «በዚህም ስም ይታወቃሉ» በሚለው ሥር በስድስት ዓይነት አጻጻፍ ተደርድሯል፤ አንደኛው የወንድ ስም ነው።

በዚህ ላይ የልደት ቀን ይጨመርበት። በስደተኛ ካምፕ በኩል ከመጡት ወገኖቻችን ብዙዎቹ የተወለዱበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት ስላልነበራቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተመዝግቦላቸዋል። ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲመለስ ዓመቱ በ7 ወይም በ8 የተሳሳተበትም አለ። እንግዲህ አስቡት፤ ስሙ ከአገራችን በጣም ከተለመዱት ስሞች አንዱ፣ የአባቱም ስም እንዲሁ፣ የልደቱ ቀን ጃንዋሪ 1፣ መኖሪያው ሌሎች መቶዎች የእኛ ሰዎች ያሉበት የአፓርታማ ግቢ። የክሬዲት ድርጅቶቹ ኮምፒውተር መረጃ ሲያዛምድ ስምን፣ አድራሻን፣ የልደት ቀንንና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርን ያያል እንጂ ሁሉም ፊደል በፊደል፣ አሐዝ በአሐዝ እንዲገጥሙ የግድ አይልም። ሁለት ሰው በአንድ መዝገብ የሚገባው እንዲህ ነው።

ስም ብቻ ተይዞ ምን እንደሚደረግ አገሩ በሙሉ ያየው ጉዳይ አለ። በ2011 ሰርጂዮ ራሚሬዝ የተባለ ሰው ካሊፎርኒያ፣ ደብሊን ከተማ መኪና ሊገዛ ሄደ። ሻጩ ከሦስቱ የክሬዲት ድርጅቶች አንዱ የሆነውን የትራንስዩኒየንን ሪፖርት አይቶ «ስምህ የአሸባሪዎች ዝርዝር ላይ አለ» ብሎ አልሸጥለትም አለው። መኪናውን ሚስቱ በስሟ ገዛች። ድርጅቱ ያመሳከረው የመጀመሪያና የመጨረሻ ስምን ብቻ ነበር፤ እንደ እርሱ ያሉ 8,185 ሰዎች ተገኙ። ክሱ የደረሰው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2021 ሲወስን መክሰስ የሚችሉት ሪፖርታቸው ለሌላ ወገን የተላከባቸው 1,853ቱ ብቻ ናቸው አለ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የፌዴራሉ የሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ ስምን ብቻ ማመሳከር ሕጉን አያሟላም ብሎ አስታውቆ ነበር፤ በሜይ 2025 ግን ከብዙ ሌሎች መመሪያዎች ጋር ሰረዘው። የ1970ው የክሬዲት ሪፖርት ሕግ የሚጠይቀው የትክክለኛነት ግዴታ ዛሬም አለ። ቢሮው ዘብ ሲላላ ግን ዘቡ ባለ ስሙ ራሱ መሆኑ አይቀርም።

ስለዚህ ሪፖርቱ ይታይ። ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን ሦስት የተለያዩ ድርጅቶች ናቸው፤ አንዱ ጋ የሌለ ስሕተት ሌላው ጋ ይኖራል። በ2003 በወጣ ሕግ እያንዳንዱ ሰው ከሦስቱም በዓመት አንድ ጊዜ በነጻ የማግኘት መብት አለው፤ ከወረርሽኙ ጊዜ ጀምሮ ደግሞ ድርጅቶቹ በየሳምንቱ በነጻ መስጠት ጀምረው በ2023 ቋሚ አድርገውታል። በሕግ የታወቀው የጋራ መጠየቂያ ድረ ገጽ አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም (AnnualCreditReport.com) ነው። ስማቸው እርሱን የሚመስል፣ «ነጻ» ብለው ጀምረው የካርድ ቁጥር የሚጠይቁ ብዙ ስላሉ ፊደሉ ይጣራ። ኮምፒውተር የማይሆንለት ሰው በስልክ 1-877-322-8228 ደውሎ በፖስታ እንዲላክለት ማድረግ ይችላል። «ካየሁት ክሬዲቴ ይወርዳል» የሚል ወሬ በየቡና ቤቱ እሰማለሁ፤ ሐሰት ነው፣ የራስን ሪፖርት ማየት ነጥብ አይቀንስም።

ብዙ ሰው ገና ሲከፍተው ወደ ሒሳቦቹ ዝርዝር ይሮጣል። እኔ ከመጀመሪያው ገጽ እጀምራለሁ፤ ከስሙ፣ ከአድራሻው፣ ከአሠሪው፣ ከልደት ቀኑ። የሌላ ሰው መረጃ ሲገባ ቀድሞ የሚታየው እዚያ ነው። በእርሳስ ይከበባል፣ ከዚያ ወደ ሒሳቦቹ ይኬዳል። የኮሌክሽን ደብዳቤ የደረሰው ሰው ደብዳቤውንና ሪፖርቱን ጎን ለጎን ያስቀምጥ፤ የመጀመሪያው አበዳሪ ስም፣ መጠኑ፣ ክፍያ የተቋረጠበት ወር ይገጥማሉ ወይ? ስሕተት ከተገኘ ስሕተቱ ላለበት ለእያንዳንዱ ድርጅት ለየብቻ፣ መረጃውን ለሰጠውም ወገን ይጻፋል፤ የሰነዱ ቅጂ ይያያዛል፣ ዋናው ቤት ይቀራል። ድርጅቱ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ አጣርቶ መልስ መስጠት አለበት። ይህ ሁሉ ትርፍ ሥራ የሚመስለው ካለ፣ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2013 ይፋ ባደረገው ጥናት ከአምስት ሰዎች አንዱ ቢያንስ በአንዱ ሪፖርቱ ላይ ተቃውሞ ያሳረመው ስሕተት ነበረበት። ያ ጥናት የተካሄደው በአጠቃላዩ የአሜሪካ ሕዝብ ላይ ነው፤ የስም ችግራችንን ስታስቡት የእኛ ከዚህ ያንሳል ብዬ አላምንም።

የሕክምና ዕዳን በተመለከተ ሦስቱ ድርጅቶች ራሳቸው ደንባቸውን ቀይረዋል። ከ2022 ጀምሮ የተከፈለ የሕክምና ኮሌክሽን ከሪፖርት ይወጣል፣ አንድ ዓመት ያልሞላውም አይገባም፤ ከ2023 ጀምሮ ከ500 ዶላር በታች የሆነው ቀርቷል። የቀረውን ሁሉ ያስወጣ የነበረውን የፌዴራል ደንብ ቴክሳስ ያለ ፌዴራል ፍርድ ቤት በጁላይ 2025 ሽሮታል። ስለዚህ «የሆስፒታል ዕዳ ክሬዲት አይነካም» የሚላችሁን አትመኑ።

አሮጌ ዕዳ ሲመጣ ደግሞ ሁለት ሰዓቶች እንዳሉ ይታወቅ። አንደኛው የሪፖርቱ ነው፤ ያልተከፈለ ሒሳብ ከመጀመሪያው መቋረጥ አንሥቶ ወደ 7 ዓመት ገደማ ይቆያል። ዕዳው አሥር ጊዜ ቢሸጥም ይህ ሰዓት ወደ ኋላ አይመለስም፤ ተመልሶ ከተገኘ በራሱ ስሕተት ነውና መቃወም ይገባል። ሁለተኛው የክስ ይርጋ፣ ማለትም አበዳሪው ሊከስ የሚችልበት የጊዜ ገደብ ነው። በሜሪላንድና በዲሲ ለተለመደ የውል ዕዳ 3 ዓመት፣ በቨርጂኒያ ለጽሑፍ ውል 5 ዓመት ነው። ይርጋው ያለፈበትን ዕዳ ሰብሳቢው ሊከስበት ወይም እከሳለሁ ብሎ ሊያስፈራራበት አይችልም። በአንዳንድ ግዛቶች ግን «በጎ ፈቃድዎን ያሳዩ» ተብሎ የተከፈለ 20 ዶላር የሞተውን ይርጋ ከመቃብር ያስነሣዋል። ጨዋ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉን መክፈል ባይችል ጥቂት መስጠት ደግነት ይመስለዋል።

ወደ ለቅሶው ቤት ልመለስ። ለሟቹ ባለቤት የነገርኋቸው ይህን ነው፦ ዕዳው የመጣበት የክሬዲት ካርድ በሟቹ ስም ብቻ ከሆነ፣ እርስዎም ካልፈረሙበት፣ ሚስት ስለሆኑ ብቻ ባለ ዕዳ አይሆኑም። የሟች ዕዳ የሚከፈለው ሟቹ ከተዉት ንብረት ነው፤ ንብረቱ ካልበቃ አብዛኛውን ጊዜ አበዳሪው ይቀርበታል። ተባባሪ ፈራሚ የሆነ፣ የጋራ ሒሳብ ያለው፣ ወይም የባልና ሚስት ዕዳ የጋራ በሆነበት ግዛት የሚኖር ሰው ጉዳዩ ይለያል። በአንዳንድ ግዛቶች የትዳር ጓደኛ የሕክምና ወጪም እንዲሁ ይለያል፤ ያን ጊዜ ጠበቃ ይጠየቃል። ዕድር የሰጠው ገንዘብ ደግሞ ለሐዘንተኛው የተሰጠ ነው፤ ሟቹ የተዉት ንብረት አይደለም። እዚያው ማድ ቤት ተቀምጠን ደብዳቤውን ጻፍን። በወሩ መልስ መጣ፤ ሒሳቡ በሟቹ ስም ብቻ የተከፈተ ነበር። ቼኩ ለቤት ኪራይና ለልጆቹ ትምህርት ቤት ዋለ።

ስለ ነፍስ ያነሡትን ግን በዋዛ አላለፍሁትም፤ እኔም እናቴ የአባቴን ዕዳ ከቀብር በፊት ስታስጠራ አይቻለሁ። አገር ቤት ለቀስተኛው ፊት ቆሞ «ሟቹ ያለበት ዕዳ ካለ ንገሩን» የሚባለው አበዳሪው ጎረቤት፣ ምስክሩ ጎረቤት ስለሆነ ነው። ስም ያለው ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ይጠይቃል፣ የሚያውቅ ይመሰክራል። ሰንጠረዥ የገዛ ድርጅትም እንዲሁ ይመስክር ማለት ሟቹን ማሳፈር አይደለም። የሃይማኖት አባቶቻችን ይህን ከእኔ በተሻለ አንደበት ለሐዘንተኞች ሊያስረዱ ይችላሉ፤ እባካችሁ አስረዱልን።

ሐሰተኛ ሰብሳቢዎች ላይ ብዙ አልቆይም፣ ሁላችሁም የምታውቁት ነው። በስጦታ ካርድ ክፈል የሚል፣ ፖሊስ እልካለሁ የሚል፣ አድራሻውን የማይሰጥ ሌባ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ዕዳ ሰብሳቢ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል፤ የፈቃድ ቁጥሩን ጠይቆ ማጣራት ይቻላል። በዕዳ አይታሰርም፣ የክሬዲት ካርድ ወይም የሆስፒታል ዕዳ ግሪን ካርድ አያስነጥቅም። (የታክስና የልጅ ማሳደጊያ ዕዳ ሌላ ነው፤ እነዚህን ከዜግነት ማመልከቻ በፊት ማስተካከል ያስፈልጋል።) እውነተኛውም ሰብሳቢ ቢሆን ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ በአገራችን አቆጣጠር መደወል አይፈቀድለትም፤ ስለ ዕዳው ለጎረቤት ወይም ለአለቃ መናገርም ክልክል ነው።

ከፍርድ ቤት የመጣ ወረቀት ግን ፈጽሞ ከነዚህ ጋር አይቀላቀል። መጥሪያ ከሆነ የ30 ቀኑ ደብዳቤ አያድንም። በሜሪላንድ ዲስትሪክት ፍርድ ቤት መጥሪያው ከደረሰ በ15 ቀን ውስጥ የመከላከያ ማስታወቂያውን ሞልቶ መመለስ ያስፈልጋል። ያልመለሰ ሰው በሌለበት ሊፈረድበት ይችላል፤ ከዚያ ደመወዙ ይቆረጣል፣ የባንክ ሒሳቡ ይያዛል። የእርሱ ያልሆነ ዕዳ ተፈርዶበት ደመወዙ ሲቆረጥ ያየሁት ሰው አለ፤ መጥሪያው አልጋው ሥር፣ ፌስታል ውስጥ፣ እንደታሸገ ተገኘ። ፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ በነጻ ያቀርባል፣ አማርኛ ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። በዲሲ ደግሞ በ2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ የማገልገል ግዴታ ስላለባቸው አቤቱታ ወደ ከተማው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ በአማርኛ ማቅረብ ይቻላል። የኮሌክሽን ደብዳቤ ግን በ14 ዓመት ውስጥ በአማርኛ የተጻፈ አንድም አላየሁም። ለዚህ ነው ወደ እናንተ የመጣሁት።

የምለምናችሁ ይህን ነው። በወር አንድ ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላም ሆነ ከጁምዓ በኋላ፣ በአዳራሻችሁ አንድ ጠረጴዛና እንግሊዝኛ የሚያነብ አንድ ታማኝ ሰው አስቀምጡ። ጠረጴዛው ከሰው ዓይን ራቅ ያለ ይሁን፤ ወገናችን ከዕዳው ይልቅ ሐሜቱን ይፈራልና ያየውን የማይናገር ሰው ምረጡ። ያ ሰው ያንብብ፣ ያስረዳ፣ ደብዳቤ ያጽፍ እንጂ የማንንም የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር በመዝገብ አይያዝ፣ በማንም ፈንታ ለማንም አይደውል። አንድ ገጽ የመቃወሚያ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ፣ ትርጉሙ በአማርኛ ከጀርባው ታትሞ ይቀመጥ። ዕድሮች በተለይ በሐዘን ጊዜ ከምታደርጉት ሥራ ላይ አንድ ነገር ጨምሩ፦ ገንዘቡን ስታስረክቡ በሟቹ ስም የሚመጣ ደብዳቤ ሳይጠየቅ እንዳይከፈል ንገሯቸው፣ የሞት የምስክር ወረቀቱን ቅጂም ለሦስቱ የክሬዲት ድርጅቶች እንዲልኩ አግዟቸው። የሟች ስም በሌቦች እጅ ብድር ሲወሰድበት አይቻለሁ። በሕይወት ያለውም ቢሆን በቅርቡ ብድር የማያስፈልገው ከሆነ በስሙ አዲስ ብድር እንዳይከፈት ክሬዲቱን በነጻ መቆለፍ ይችላል፤ በ2017 የኢኩፋክስ መዝገብ ተሰብሮ የ147 ሚሊዮን ሰው ያህል መረጃ ከወጣ በኋላ በ2018 በሕግ ነጻ ተደርጓል።

ደብዳቤውን እኔ አዘጋጅቻለሁ፤ ለጠየቀኝ ማኅበር ሁሉ እሰጣለሁ። በሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ በዲሲና በአሌክሳንድሪያ ጠረጴዛ ለሚዘረጋ ማንኛውም ዕድር ወይም የእምነት ቤት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ራሴ መጥቼ አብሬ እቀመጣለሁ። አባሎቻችሁን ፌስታላቸውን እንዳለ ይዘው እንዲመጡ ንገሩልኝ። ያልተከፈተ ካለ እንደታሸገ ያምጡት፤ የተከፈተም ከሆነ ፖስታውን አይጣሉት፣ ቀኑን የምንቆጥረው ከእርሱ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ የሆነች የሒሳብ ሠራተኛ